እብናት ላይ የተቋረጠው ቆጠራ

ስለ አስረስ ልጽፍ ነው ስል ሰው ሁሉ «የትኛው አስረስ?» ይለኛል። እውነታቸውን ነው። የጦር አበጋዝ አልነበረም፣ ቅኔ አልተቀኘም፣ ሸፍቶ እንኳ አያውቅም። ንጉሥ ባስነጠሰ ቁጥር ብራና የሚዘረጋ ጸሐፊ በሞላበት ዘመን የእሱን ስም የጻፈ አንድም ሰው የለም። ከጋፋት ቁልቁል በምትገኝ አንዲት መንደር ገብስ እየዘራ የኖረ ገበሬ ነው። ደካማ ሰው ነበር ይሉታል። ሰነፍ ማለታቸው አይደለም፤ የዘመኑ ሰው ሁሉ እንደ ደከመው እሱንም ደክሞት ነበር ማለታቸው ነው።

ጋፋት ላይ ብረት የሚያቀልጡ ፈረንጆች ከሰፈሩ፣ ደብረ ታቦርም የንጉሡ ሰፈር ከሆነ ወዲህ የዚያ አካባቢ ገበሬ እፎይ ብሎ አያውቅም። ሠራዊት ሲመጣ ይሰፍራል፣ ሲሰፍር ይበላል። አንድ ዓመት የአስረስ ገብስ ገና እሸት ሳለ የበቅሎ ቀለብ ሆነ። በዓመቱ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ወታደሮች እዚያው ደጁ ላይ አርደው፣ በራሱ እንጨት ጠብሰው በሉት። ከዚያ ደግሞ የጋሪ መንገድ ይውጣ ተባለና መንገዱ ደኅናውን ማሳ ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚደለድል ሰው ሲፈለግ ማን ተያዘ? አስረስ። የገዛ ማሳውን በገዛ ትከሻው መንገድ ሲያደርግ ከረመ። እኔ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ወገቡን እያሸ ዝም ነው ያለው።

ዝም ያላለችው ሚስቱ ጌጤ ናት።

«እናትህ ማሬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዘራችን የእብናት ነው፣ የዘወንጌል ዘሮች ነን ትል አልነበረም?»

«ትል ነበር።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ቁጠር! እነዚህን ሁለት ሴት ልጆች በምን ላሳድጋቸው? በዚህ በመንገድ ዳር ገብስ?»

ቁጠር ያለችው ትውልድህን ቁጠር ማለቷ ነው። በዚያ አገር ርስት የሚደርሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ ነው፣ በወንድም በሴትም። ነገር ግን ተወልጃለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም። ሽማግሎች ፊት ቆሞ፣ ከራስ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ መጥራት ያስፈልጋል። በየስሙም «ስንት ወለደ? ስንት ወለደች?» እየተባለ ይጠየቃል። መሐል ላይ አንዲት ስም የጎደለችው ሰው ባዳ ነው፤ አለቀ። አስረስ የሚያውቀው እናቱን ማሬንና አባቷን ፈንታሁንን ብቻ ነበር። ከፈንታሁን በላይ እስከ አቅኚው ዘወንጌል ያለው ሁሉ ለእሱ ጨለማ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቆሎውን ቋጥሮ ወደ እብናት ወረደ። ሁለት ቀን ሄደ። የዘወንጌል ርስት የሚባለው አገር ቆላውን ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ ነው፤ ከርስቱም ደኅናውን ድርሻ የያዘው ደምሴ የሚባል ሰው እንደ ሆነ መንገድ ላይ ነገሩት። ደግሞም አስጠነቀቁት። ባዕድ ሰው መጥቶ «የአያትህ እናት ማን ትባላለች?» ማለት ሲጀምር የዚያ አገር ሰው አፉን ይለጉማል፤ ነገ መሬቴን ሊካፈል የመጣ ነው ብሎ ነው፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ አስረስ ደምሴ ደጅ ሲደርስ ያሰበውን ዋጥ አድርጎ «ዘመድ ፍለጋ የመጣሁ ነኝ» ብቻ አለ።

ደምሴ ዘለል ብሎ አቀፈው። ከነበሩት ሁለት ወንድሞች አንዱ ከሠራዊት ጋር ሄዶ የገባበት አልታወቀም፤ ሌላውን የቆላ ንዳድ በሦስት ቀን ነው የወሰደው። ደምሴ ሳቂታ፣ ወሬኛ፣ ሲተኛ ቤቱን የሚያናጋ አንኮራፊ ሰው ነበር።

«እሰይ! ወንድም አወጣልኝ!» አለና ወደ ሚስቱ ዞሮ «ፈንታነሽ፣ ያችን ጠላ ቅጂልን! የደብረ ታቦር ወንድሜ መጥቷል!» ብሎ ጮኸ።

አስረስ ጠላውን ሲጠጣ አፈረ። ማፈሩን ግን አልተናገረም፤ ቢናገር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

በማግስቱ ደምሴ ራሱ ወደ እመት ጥሩወርቅ ወሰደው። የመንደሩን ዘር ሁሉ የሚያውቅ ከእሷ በቀር ሌላ የቀረ አልነበረም። ዓይኗ ደክሟል፤ ከአጥሯ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በዳበሳ ጥጥ ትፈትላለች። አስረስ ጉልበቷን ስሞ ከፈንታሁን በላይ ያለውን ዘሩን እንድትነግረው ለመናት። እንዝርቷን አሾረችና፣

«የፈንታሁን እናት ውብአለም ትባላለች» አለች።

«የውብአለምስ፣ እመት? አንቱ ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?»

«ደከመኝ። የቀረውን ለከርሞ።»

አስረስ በሆዱ ሰደባት። ሁለት ቀን ተጉዞ አንድ ስም! ግን ምን ያደርጋል፣ አሮጊት አትጎተትም። ባዶ እጁን ላለመመለስ የደምሴን ጤፍ ሲወቃ፣ መሬቱን ሲገምስ ሁለት ሳምንት ከርሞ አገሩ ገባ።

በዓመቱ ተመለሰ። «የውብአለም አባት ሙላቴ ነው። ደከመኝ» አለችው። በሦስተኛው ዓመት «የሙላቴ እናት አመተማርያም ናት። በል የቀረችህን አንዲት ለከርሞ» አለችው። በየዓመቱ አንድ ስም ይዞ ይመለሳል፤ ጌጤም በየዓመቱ «አንተ ቆጠራ ሄድክ ወይስ ስም ልትለቅም?» ትለዋለች።

እውነቱን ለመናገር ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ አስረስ እብናት የሄደው ለስም ብቻ አልነበረም። ከደምሴ ጋር ሲውል ድካሙ ይቀልለት ነበር። ቀንበር አተሳሰር ላይ ይከራከራሉ። ደምሴ «እናንተ ደጋ ያላችሁ ገብስ ስትበሉ ጥርሳችሁ ነው የሚያርሰው» ይለዋል፤ አስረስም «እናንተ ደግሞ ጤፋችሁን ዝንጀሮ ነው የሚያጭድላችሁ» ብሎ ይመልስለታል። በቤቱ ሳቅ የማያውቅ ሰው እዚያ ይስቅ ነበር። አንድ ጊዜ አስረስ ወገቡን ታሞ መነሣት ሲያቅተው ወሬው እብናት ደረሰ፤ ደምሴም ጤፍ ጭኖ፣ በሬ እየነዳ መጣና ከመንገዱ የተረፈችውን ማሳ አርሶለት፣ «በሬው እስክትድን እዚሁ ይቆይ» ብሎ በእግሩ ተመለሰ። ጌጤ እንኳ ያን ቀን ተሰፍቶ የማያውቅ አፏ ተሰፋ።

በአራተኛው ዓመት አስረስ ገና ከመድረሱ ደምሴ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ስማ፣ ወንድም ዓለም። ለእሑድ ሽማግሎቹን ጠርቻለሁ። ጠላውም ተጠምቋል። ከቅዳሴ በኋላ ትቆጥርና ድርሻህን ትወስዳለህ። ያቺን ከወንዙ በላይ ያለችውን እሰጥሃለሁ፤ ቤትህን ከእኔ ጎን ትሠራለህ።»

አስረስ አንገቱን ደፋ። «እኔ መሬት ብዬ አላውቅም» አለ።

ደምሴ ከት ብሎ ሳቀ። «መሬት ፈልገህ እንደ መጣህ ያላወቅሁ መስሎሃል? የመጣህ ዕለት ነው ያወቅሁት። ማን ነው ለባዶ ዘመድ ሁለት ቀን የሚሄድ? ግን ከመጣህ ወዲህ ያው ወንድም ሆንክ፤ ምን ላድርግህ!»

አስረስ ያን ዕለት አለቀሰ ይባላል። እኔ አምናለሁ። አራት ዓመት የደበቀው ነገር ለካ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር፤ ያም ሆኖ ተወዷል።

የቀረችው አንድ ስም ነበረች። እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴው ሳይገባ፣ አስረስ ወደ እመት ጥሩወርቅ ሄደ። ዛሬ ደከመኝ ማለት እንደማይቻል፣ ሽማግሎች እንደተጠሩ ነገራት። አሮጊቷ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ደምሴ ነው የጠራቸው?»

«አዎ፣ እሱ ራሱ።»

«ሞኝ ነው» አለች። «ስሟን ለምን እንዳዘገየሁብህ ታውቃለህ? እስክትሰለች ብዬ ነበር። አንተ ግን አትሰለችም። እንግዲህ ስማ። የአመተማርያም እናት ወለተ ጽዮን ናት፤ ወለተ ጽዮን የዘወንጌል ልጅ ናት። ደምሴ የያዘው ድርሻ የወለተ ጽዮን ነው።»

አስረስ ደስ አለው። «እንግዲያ እኔና ደምሴ ከአንድ ማሕፀን ነን!»

«አይደላችሁም። ወለተ ጽዮን የወለደችው አንድ ልጅ ነው፤ ያንተን አመተማርያምን። የደምሴ ቅድመ አያት አለሙ ባሏ ከሌላ ሴት የወለደው ነው። የእንጀራ ልጇ። አሳደገችው፣ ስትሞት መሬቷ ላይ ቀረ፣ አመተማርያም በጋብቻ ወደ ደጋ ወጥታ ቀረች። አለሙን ልጇ ነው እያሉ የቆጠሩ ኖሩ፤ የሚያውቁት ሁሉ አልቀው እኔ ቀረሁ። ደምሴ ራሱ አያውቅም። የዘወንጌል ደም የለውም፣ ልጄ። መሬቱ በሙሉ ያንተ ነው።»

አስረስ ከጎኗ ቁጢጥ አለና፣

«ሁለት ወለደች ብል?» አለ።

«ስሟን ካነሣህ ሽማግሎቹ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ ሌላ የሚያውቅ የለምና። ከጠየቁኝ ደግሞ አንድ ነው የወለደችው እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምዬ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ፤ እሱም ኃጢአት ነው፣ ግን እችለዋለሁ።»

«ለደምሴ ልንገረው?»

«ዛሬ ብትነግረው ግዝት ፊት ነው የሚቆመው። አውቆ ከደበቀ የተወገዘ ነው፤ ከተናገረ ከቤቱ የወጣ ነው። እንዲህ ከምታደርገው መሬቱን ብትወስድበት ይሻላል።»

ደወል ተደወለ። አስረስ ቅዳሴውን ቆሞ ሰማ ይባላል፤ ምን እንደሰማ እግዚአብሔር ይወቅ። እኔ ሳስበው የሚታየኝ እንዲህ ነው። አንድ በሬ ያለው፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሉት ሰው አምስት ስም ላይ አንዲት ስም ቢጨምር የጤፍ አገር ጌታ ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ ሐቁ ነው። ማንም አይፈርድበትም። ጌጤ ደግሞ እልል ትላለች።

ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሽማግሎች ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ተቀመጡ። ደምሴ አዲስ ኩታ ለብሶ ሙሽራ መስሏል። የደብሩ ቄስ አባ ጥበቡ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና «እያወቀ የደበቀ፣ ሳያውቅ የተናገረ፣ የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ። አስረስ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ።

«የማሬ ልጅ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ማሬ የፈንታሁን ልጅ ናት።»

«ፈንታሁን ስንት ወለደ?»

«ሦስት። ፈንታሁን የውብአለም ልጅ ነው። ውብአለም የሙላቴ ልጅ ናት። ሙላቴ የአመተማርያም ልጅ ነው።»

በየመሐሉ ሲጠየቅ ሳይሳሳት መለሰ። ሽማግሎቹ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደኅና ቆጣሪ ነው ማለታቸው ነው።

«የአመተማርያም እናትስ?»

አስረስ ወደ ደምሴ ተመለከተ።

«እናቷን ነው ያልንህ! ወይም አባቷን፣ የዘወንጌል ልጅ የሆነውን!»

እመት ጥሩወርቅ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ነበረች። ፊቷን ወደ እሱ አዙራለች፤ ያም ቢሆን አታየውም። ደምሴ ከጎኑ ቀርቦ «አስታውስ እንጂ! ትናንት አንድ ናት የቀረችኝ ስትለኝ አልነበረም?» ብሎ ሹክ አለው።

«አላውቃትም» አለ አስረስ።

ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ ሦስት ጊዜ አላውቃትም አለ። ከዚያ ነገሩ ረዥም አልነበረም። የሽማግሎቹ አንጋፋ አያሌው ተነሥተው «አመተማርያምን ከዘወንጌል ጋር የሚያገናኝ ስም የለም። ሰውየው ባዳ ነው» አሉ። ከወደ ኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው «አራት ዓመት በላው እኮ!» አለ፤ ደምሴን ማለቱ ነው።

ደምሴ ግን አልሳቀም። ከሳቂታ ሰው ፊት ላይ ሳቅ ሲጠፋ ማየት ይከብዳል። ኩታውን ሰብስቦ ፊት ለፊት ቆመና፣

«ስም እንኳ ሳትይዝ ነው ወንድሜ ስልህ የኖርኩት?» አለው። ቀጥሎም፣ ለመንገደኛ እንደሚባለው፣ «በሉ ደኅና ይግቡ» አለና ጀርባውን ሰጠው።

አስረስ ሁለቱን ቀን እንዴት እንደ ሄደው አላውቅም። ቤቱ ሲገባ ለጌጤ እውነቱን አልደበቃትም፤ ባይነግራት ይሻለው ነበር። «ለባዳ ብለህ ልጆችህን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጤ ለእህል ውኃ ካልሆነ በቀር አላናገረችውም፤ እኔ በእሷ አልፈርድም። ነፍስ አባቱም ሲናዘዝ ሰምተው ሲያበቁ አለቀሱ፤ ቢያለቅሱም ንስሐውን አልቀነሱለትም። ግዝት ግዝት ነው። አንድ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንዲቆም፣ በየቀኑ መቶ እንዲሰግድ አዘዙት። በዚያ ወገቡ መቶ ስግደት! አንድ ቀን ሳያስታጉል ፈጸመ። ንስሐው ባለቀ በሁለት ወሩ ደግሞ ከጋፋት የሚወጣ ጋሪ ይጎትት ተብሎ ተያዘ። ከዚያ ሲመለስ ደም እየተፋ ነበር፤ መደብ ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም።

እመት ጥሩወርቅ በዚያው ሰሞን እብናት ላይ ታማ ልትሞት ስትል ደምሴን አስጠራችው። ኃጢአቷን ይዛ መሄድ አልፈለገችም። የእንጀራ ልጁን ነገር፣ ያን እሑድ ጠዋት አስረስ የሰማውን፣ ወይራው ሥር ቆጠራውን ለምን እንዳቋረጠ ሁሉንም ነገረችው። ደምሴ ቀብሯን አልጠበቀም ይባላል።

ደምሴ እነአስረስ ቤት ሲደርስ ጌጤ በር ላይ ቆማ አየችውና አሳለፈችው። ደምሴ መደቡ ሥር መሬት ላይ ተንበረከከ። የአስረስን እጅ ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው።

«ነገረችህ?» አለ አስረስ።

«ነገረችኝ። መሬቱ ያንተ ነው። ተነሥ፣ ሽማግሎቹን እጠራቸዋለሁ፤ ፊታቸው ቆሜ እኔ እናገራለሁ።»

«ተወው።»

«አልተውም! የሰው መሬት ስበላ ኖሬ...»

«ሽማግሎቹን ከጠራህ አንተ ትወጣለህ፤ እኔ ደግሞ አልገባም። መሬቱ ጦም ያድራል። በዚህ ወገብ ማን ሊያርሰው ነው?» አስረስ ዓይኑን ጨፈነ። «ደክሞኛል፣ ደምሴ። ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

ደምሴ ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ «ከምርቱ እኩሌታውን በየዓመቱ ለልጆችህ አመጣለሁ» አለ።

«ያንን ከጌጤ ጋር ተነጋገር። ከተቀበለችህ።»

ዘጠኝ ቀን አስታመመው። ያወጋዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ውኃ ያጠጣዋል። ስለ ዝንጀሮና ስለ ገብስ ሲያወሩ አንድ ሁለቴ አስረስ እንደ መሳቅ ብሎ ነበር፤ ሳሉ አላስጨረሰውም። በዐሥረኛው ቀን ሞተ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያየው ሰው ሰባ ይለዋል።

በዚያ አገር ለቅሶ ላይ ጎረቤትና ወዳጅ ቆሞ ያለቅሳል፤ ፀጉሩን ተላጭቶ መሬት ላይ የሚቀመጠው ግን የሟች ሥጋ ዘመድ ነው። ደምሴ ጎህ ሳይቀድ ራሱን ተላጨ። የገዛ ዘሩ ከዘወንጌል እንዳልሆነ፣ ከአስረስ ጋር አንዲት ጠብታ ደም እንደማይጋራ ከሞተችው አሮጊት በቀር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው በተሰበሰበበት መሐል አልፎ ወደ ዘመዶቹ ቦታ ሲሄድ ለቅሶውን የሚመሩት ሽማግሌ አላወቁትምና በምርኩዛቸው አስቆሙት።

«የእኔ ልጅ፣ የሟች ምኑ ነህ?»

«ዘመዱ።»

«በእናቱ ነው በአባቱ?»

ጌጤ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ጠጋ አለችለት።

«ቆጥረን አልጨረስነውም» አለ ደምሴ፤ አጠገቧም ተቀመጠ።